ቀይ ወይን በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ከቡሄ ግረዛ እስከ መጋቢት ለቀማ

ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ያለ ወይን አምራች ዓመቱን አይመርጥም። ብርዱ ሲመጣ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ብርዱ ሲያልፍ በራሱ ይነቃል። ከዚያ በኋላ የመጣውን መቀበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የሚያዝያ ውርጭ ለጋውን ቀንበጥ መታውና ብዙ ምርት ጠፋ። በ2003 ሙቀቱ ልክ አለፈ፤ ለቀማው ለወትሮው ከሚጀመርበት ጊዜ ቀድሞ ነሐሴ ላይ ተጀመረ። በ2013 ደግሞ አበባው ብርድና ዝናብ ላይ ወደቀ። የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ዓመት የሚጻፈው ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ወይንን አስተኝቶ የሚያሳድር ብርድ የለም። ተክሉን የሚቀሰቅሰው መቀስ ነው። ዛሬ ከገረዛችሁት ከዛሬ ይቆጥራል፤ በወር ካዘገያችሁት በወር ዘግይቶ ይነሳል። አበባው የትኛው ብርድ ላይ እንደሚወድቅ፣ ፍሬው የትኛውን ፀሐይ እንደሚጠጣ፣ ለቀማው ከየትኛው ዝናብ ጋር እንደሚጋጭ ባብዛኛው የሚወስነው ገራዡ ነው። ዝናቡን ማዘዝ አንችልም፤ ቀጠሮውን ግን መያዝ እንችላለን።

ይህን የምጽፈው አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ዱከም፣ ሰበታና እነሱን በመሰለ ቦታ ትንሽ መሬት ላለው ሰው ነው። ለምሳሌ 100 ካሬ። በተክልና በተክል መካከል 1 ሜትር፣ በረድፍና በረድፍ መካከል 2 ሜትር ብትተዉ 50 ግንድ ይይዛል። ከአንድ ግንድ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ብትለቅሙ በጥሩ ዓመት ከ75 እስከ 100 ኪሎ ፍሬ ይወጣል። ከዚያ ላይ ከ50 እስከ 65 ሊትር ወይን ጠጅ ታገኛላችሁ። ለቤትና ለወዳጅ በቂ ነው። የመጀመሪያው ደህና ምርት ግን ከተከላ በኋላ በ3ኛው ዓመት ነው የሚመጣው።

1. መጀመሪያ ከፍታችሁን እወቁ

ዝርያ ከመምረጥ በፊት ሙቀት ይለካል። አሠራሩ ቀላል ነው። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምሩ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ ከውጤቱ 10 ቀንሱ። ወይን ከ10 ዲግሪ በታች አያድግም፤ የሚጠቅመው ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው። ቀን 23፣ ሌሊት 9 ዲግሪ ከሆነ አማካዩ 16 ነው። ለወይኑ የተረፈው 6 ነው። ይህን ቁጥር ከቀንበጥ እስከ ለቀማ ባለው ስድስት ወር፣ ማለትም በ180 ቀን ብታባዙት 1,080 ይመጣል።

አሁን ከዝርያዎቹ ጋር አስተያዩት። ፒኖ ኑዋር ከ1,100 እስከ 1,200 ገደማ ይበቃዋል። ሜርሎ 1,300 አካባቢ ይፈልጋል። ካበርኔ ሶቪኞ 1,400 እና ከዚያ በላይ ካላገኘ አረንጓዴ ቃሪያ ቃሪያ ይላል።

መቶ ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ያለ ሙቀት ታገኛላችሁ። ቦሌ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሰበታም ብዙ አይርቅም። ዱከም 1,950 አካባቢ ነው። ልዩነቱ በቀን ከ2 ዲግሪ በላይ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በ180 ቀን ሲባዛ ግን ሌላ አገር ያደርገዋል። ዱከም ላይ ድምሩ 1,500 ሊጠጋ ይችላል፤ ሜርሎና ሲራ በደንብ ይበስላሉ። አቃቂ መሀል ላይ ነው፤ ሜርሎ ይሞከራል። ሰበታ አካባቢ ከሆናችሁ ቶሎ የሚበስል እንደ ፒኖ ያለ ዝርያ ያዙ። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ቀይ ወይን እተክላለሁ ለሚለኝ ሰው ድንች ትከል ነው የምለው።

ባቱ (ዝዋይ) ላይ ካስትል የተባለው የወይን ጠጅ ኩባንያ የተከላቸው ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞ ያማሩት በአጋጣሚ አይደለም። ባቱ 1,640 ሜትር ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የባቱን ዝርያና ቀን መቁጠሪያ እንዳለ ገልብጦ ሰበታ ላይ መትከል አያዋጣም።

ከፍታ መጥፎ ነገር ብቻ አይደለም። ጨረሩ ጠንካራ ስለሆነ የፍሬው ልጣጭ ይወፍራል፣ ቀለም ያጠራቅማል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ አሲዱ አይጠፋም። ቆላ ላይ ያለ አምራች አሲድ ሲጠፋበት ይጨነቃል፤ እኛ አሲዱ አልወርድ ሲለን እንጨነቃለን። የመረጥነው ጭንቀት ነው።

2. አፈርና ረድፍ

ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻው አብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ አቁሮ ይይዛል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ወይን እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ሥሩ ይታፈናል። መፍትሔው አፈሩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ነው፤ ከ40 እስከ 50 ሳንቲም ከፍታ ይበቃል። በመደቦቹ መካከል ውሃ የሚወጣበት ቦይ ይቆፈር። ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አፈር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ውሃው በራሱ ይሄዳል።

ረድፉን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርጉ። በጋ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ረድፉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ አንዱ ጎን ቀኑን ሙሉ ሲጠበስ ሌላው ጥላ ውስጥ ይውላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሆን ሁለቱም ጎን ተራ ይደርሰዋል። የጠዋቷ ፀሐይ ደግሞ ጤዛውን ቶሎ ታደርቃለች።

ጉድጓድ ያለ ቦታና የወንዝ ዳር ሜዳ አትትከሉ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ነው፤ ሌሊት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወርዶ ይተኛል። ውርጭ የሚመታው እዚያ ነው።

3. የግረዛው ቀን

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። የምንሸሸው የበልግ ዝናብ ነው። መጋቢት እየገፋ ሲሄድ ደመናው ይመጣል። ስለዚህ ለቀማው ከየካቲት 20 እስከ መጋቢት 10 ባለው ጊዜ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ሰበታ ከፍታ ላይ ከግረዛ እስከ ለቀማ ስድስት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንቱ ዓይኑ፣ ማለትም ቀንበጥ የሚወጣበት እብጠት፣ እስኪፈነዳ ነው፤ የቀረው እስኪበስል። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ የሚመጣላችሁ ነሐሴ ነው። ዱከም ላይ አምስት ወር ተኩል ይበቃል፤ እስከ መስቀል መቆየት ትችላላችሁ።

ሽማግሌዎች «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይላሉ። ለወይን ገራዥ ይህ አባባል ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ከቡሄ በኋላ ዝናቡ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ነሐሴ አጋማሽ ከገረዛችሁ ቀንበጡ የሚወጣው መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ እርጥበት ውስጥ ነው። ሻጋታ ይጠብቀዋል። ወደ መስከረም ካዘገያችሁ ቀንበጡ ንጹሕ ይወጣል፤ ለቀማው ግን በልግ ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም ማምለጥ አይቻልም። የትኛው ይሻላል?

የእኔ ምርጫ ቀደም ብሎ መግረዝ ነው። ቀንበጥ ላይ የመጣ ሻጋታ በመርጨት ይያዛል። ሊለቀም የደረሰ ፍሬ ላይ የመጣ የሦስት ቀን ዝናብ ግን መድኃኒት የለውም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ከቡሄ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ጨርሱ። ወረድ ያለ ቦታ ላይ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ መስቀል።

ከመወሰናችሁ በፊት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የወቅት ትንበያ ተመልከቱ። ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ለየብቻ ያወጣል። ክረምቱ ከደከመ፣ የ2007 ዓ.ም.ቱ በኤልኒኞ እንደደከመው፣ ሳትፈሩ ቀድማችሁ ግረዙ። ክረምቱ ከበረታና ዝናቡ መስከረምን ይሻገራል ከተባለ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆዩ። 50 ግንድ ያለው ሰው ሌላ አማራጭም አለው። ግማሹን በቡሄ ሰሞን፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ መግረዝ። አንዱ ቢመታ ሌላው ይተርፋል። ለቀማው ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ዋጋው ያ ነው።

አገራረዙ እንዲህ ነው፦

- ከግረዛው አሥር ቀን ያህል በፊት ቅጠሉን በእጅ አራግፉ። ተክሉ ያረፈ እንዲመስለው ነው።
- ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ቁረጡ። መቀሱን ከግንድ ግንድ ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት።
- በየግንዱ የእርሳስ ውፍረት ያለው አንድ ጤነኛ ሐረግ ከ8 እስከ 10 ዓይን ይዞ ይቅር። ከሥሩ አጠገብ ደግሞ ሁለት ዓይን ያለው አጭር ጉጥ ተዉ፤ እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።
- ሐረጉን ቀስት አድርጋችሁ ጎንበስ አድርጉና በረድፉ ላይ ከዘረጋችኋቸው ሽቦዎች ከታችኛው ጋር እሰሩት።

የመጨረሻውን አትዝለሉት። በእኛ ዓይነት ብርድ በሌለበት አገር የሐረጉ ጫፍ ቀድሞ ይነቃና ሌላውን ያስተኛዋል። ጫፉ ሲጎነበስ ጉልበቱ ይከፋፈላል፤ ዓይኖቹ ተቀራርበው ይፈነዳሉ። ካልተቀራረቡ አበባው ይበታተናል፣ ብስለቱ ይበታተናል፣ ለቀማ ላይ አንዱ ዘለላ ስኳር ሌላው ኮምጣጤ ይሆናል። ትላልቅ እርሻዎች ዓይኑን እኩል ለመቀስቀስ ሃይድሮጅን ሲያናማይድ የሚባል ኬሚካል ይቀባሉ። ለጓሮ አልመክረውም። መርዝ ነው፤ በተለይ የነካው ሰው በዚያው ሰሞን አንድ ቢራ እንኳ ቢጠጣ ክፉኛ ሊታመም ይችላል።

4. መስከረምና ጥቅምት፦ ቀንበጡን ማዳን

ቀንበጡ 10 ሳንቲም ሲደርስ፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲበልጥ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል የቅጠል ሻጋታ ይነሳል። ሦስት አሥሮች ናቸው፤ ለማስታወስ ይቀላል። ቅጠሉ ከላይ ዘይት የነካው የመሰለ ቢጫ ነጥብ ያወጣል፤ ስትገለብጡት ነጭ ብናኝ ታያላችሁ። ከታየ በኋላ መሯሯጥ ብዙ አይጠቅምም፤ አስቀድሞ ነው የሚረጨው።

የቦርዶ ድብልቅ ርካሽና የታወቀ ነው። ለ10 ሊትር ውሃ 100 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 100 ግራም ኖራ። በሁለት የፕላስቲክ ባልዲ ለየብቻ አሟሟቸው። የብረት ዕቃ አይሆንም። መዳቡን እያማሰላችሁ ኖራው ላይ አፍስሱ። ንጹሕ ሚስማር ንከሩበት፤ መዳብ ከቀባው ኖራ ይጎድለዋል፣ ጨምሩ። በዚያው ቀን እርጩት፤ አያድርም። ለለጋ ቅጠል መጠኑን በግማሽ አቅጥኑት።

ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ሌላው ይመጣል። ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስለው የአመድማ ሻጋታ ዝናብ አይፈልግም። በጥላና በታፈነ አየር ይስፋፋል። እሱን ድኝ ይይዘዋል፤ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ ተከተሉ። ለቀማ አምስት ሳምንት ሲቀረው አቁሙ። ፍሬው ላይ የቀረ ድኝ ጋኑ ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያመጣል።

ከግንዱ የሚወጣውን አላስፈላጊ ቀንበጥ ንቀሉ። በአንድ ተክል ከ10 እስከ 12 ቀንበጥ ይበቃል። ወደ ላይ በሽቦዎቹ መካከል አሳልፏቸው። አየር የሚያልፍበት ተክል ግማሽ መድኃኒቱን በራሱ ያገኛል።

5. ኅዳር፦ አበባና ውርጭ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ብርድ ለወይን ገና መግቢያው ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይቆማል፣ ሌሊት ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል። አበባው የሚወጣው ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስት ነገር አድርጉ። ከሥሩ ያለውን ሣር አጭር አድርጋችሁ ዕጨዱ። ውርጭ በሚያሰጋበት ሳምንት አፈሩን በቀን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ረድፍ ጥቂት ከሆነ አመሻሽ ላይ በጨርቅ ወይም በሻሽ አልብሱት፤ ጠዋት ግለጡ። ጭስ ማጨስ የለመደ ብዙ ነው። ጭስ ሙቀት አይይዝም፤ ዓይን ብቻ ያቃጥላል። ኅዳር 12 ሠፈሩ ሁሉ ሲታጠን ወይናችሁ አይጎዳም፣ አይጠቀምምም። ጭስ የሚያስፈራው በኋላ ነው፣ ፍሬው ቀለም ከያዘ ወዲህ። ጥርና የካቲት ላይ ጎረቤት ገለባና ቆሻሻ የሚያቃጥል ከሆነ ሄዳችሁ ለምኑ። ሽታው ልጣጩ ውስጥ ይገባና ወይን ጠጁ ላይ አመድ አመድ ይላል።

ቀኑ ራሱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ወይም አበባው ላይ ከዘነበ ብዙው ፍሬ ሳይቋጠር ይረግፋል። ያሳዝናል፣ ግን ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በቦርዶ እ.ኤ.አ. በ1961 ውርጭና የአበባ መርገፍ ምርቱን ክፉኛ ቀነሱት። የተረፈው ጥቂት ፍሬ ግን ከክፍለ ዘመኑ ምርጥ ከሚባሉት ወይኖች አንዱን ሰጠ። ኅዳር ላይ ግማሽ ከጠፋባችሁ በኋላ የምትቀንሱት ዘለላ አይኖርም ማለት ነው።

6. ከታኅሣሥ እስከ ጥር፦ ውሃ፣ ቅጠል፣ ዘለላ

ዋልካ የክረምቱን ውሃ ይዞ ስለሚቆይ እስከ ኅዳር ማጠጣት ብዙም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ በጠብታ መስኖ ስጡ፤ ካልሆነ በጆግ። ፍሬው አተር ሲያህል ጀምሮ ቀለም እስኪይዝ ድረስ ውሃውን ጠበቅ አድርጉ። ለአንድ ግንድ በሳምንት ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃል። ምልክቱ የቀንበጡ ጫፍ ነው። ማደጉን ካቆመ ልክ ናችሁ። ቅጠሉ ጠዋት ላይ ተጠውልጎ ካገኛችሁት ጥማቱን አብዝታችሁበታል፤ ውሃ ጨምሩለት። በዚህ ጊዜ ትንሽ የተጠማ ተክል ፍሬው ያንሳል። ቀይ ወይን ቀለሙም ጣዕሙም ልጣጩ ላይ ነው፤ ትንሽ ፍሬ ማለት ለጭማቂው ብዙ ልጣጭ ማለት ነው።

ፍሬው እንደተቋጠረ በምሥራቅ በኩል ዘለላውን የከለሉትን ቅጠሎች አንሱ። የምዕራቡን ተዉት። ገና ትንሽ ሳለ ፀሐይ የለመደ ፍሬ ልጣጩን ያጠነክራል። ጥር ላይ ድንገት ከገለጣችሁት ይቃጠላል፤ የእኛ ከፍታ ጨረር ቀልድ አያውቅም።

በጥምቀት ሰሞን ፍሬው ቀለም መያዝ ይጀምራል። አሁን ወደኋላ የቀረውን፣ ገና አረንጓዴ የሆነውን ዘለላ ቆርጣችሁ ጣሉ። በአንድ ቀንበጥ አንድ ዘለላ በቂ ነው። ጎረቤታችሁ ጋሼ እገሌ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ምነው ልጄ፣ የእግዜርን ፍሬ!» ሊል ይችላል። ይበል። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አንድ ግንድ 4 ኪሎ ተሸክሞ አያበስልም። ሞቃት ዓመት ከሆነና ዱከም ላይ ከሆናችሁ እስከ 2 ኪሎ ተዉ። ቀዝቃዛ ዓመት ከሆነ፣ ቀለሙም ከጥምቀት ዘግይቶ ከጀመረ ወደ 1 ኪሎ አውርዱት።

በዚሁ ሳምንት መረብ አልብሱ። ለወፍ፤ ለሠፈር ልጆችም።

7. መቼ ይለቀም?

ሪፍራክቶሜትር የምትባል፣ የጭማቂውን ስኳር የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ታስፈልጋችኋለች። ከሁለቱም ጎን፣ ከላይም ከታችም፣ 100 ፍሬ ልቀሙ። ፕላስቲክ ውስጥ ጨፍልቁና ጭማቂውን ለኩ። ለቀይ ወይን ከ22 እስከ 24 ብሪክስ (የስኳሩ መለኪያ ነው) ጥሩ ነው። ቁጥሩን በ0.55 ብታባዙት የሚወጣውን አልኮል በግምት ይነግራችኋል፤ 22 ማለት 12 በመቶ ገደማ ነው። የአሲድ መለኪያ ካላችሁ ፒኤች 3.4 አካባቢ ጥሩ ነው።

መሣሪያው ሁሉንም አይናገርም። ፍሬውን ንከሱ። ዘሩ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው፤ ቡናማ ሆኖ ጥርስ ላይ እንደ ቆሎ ከተሰበረ ደርሷል። ልጣጩን አኝኩት፤ ምላስ ላይ ቀለም ከለቀቀ ጥሩ ነው።

እኛ ጋ ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አሲዱ አይቸኩልም። በጥሩ ዓመት ይህ በረከት ነው፤ ጣዕሙ ከስኳሩ ጋር እኩል ይደርሳል። ችግሩ 20 ብሪክስ ላይ እያላችሁ ደመና ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ሰዉ ይደናገጣል። በዚህ ቅደም ተከተል አስቡት፦

አንድ ከሰዓት የጣለ ካፊያ ከሆነና ከኋላው ነፋስ ካለ ጠብቁ። ሐረጉን ነቅነቅ አድርጋችሁ ውሃውን አራግፉ። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ለኩ። የገባው ውሃ ይወጣል፣ ስኳሩ ይመለሳል።

ትንበያው ተከታታይ ዝናብ ካለ ዛሬ ልቀሙ። ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ይፈነዳል፣ ግራጫ ሻጋታ ይገባል። ግራጫ ሻጋታ የቀይ ወይንን ቀለም ያጠፋል፤ ያንን ጋን ውስጥ ማስተካከል አይቻልም። የጎደለ ስኳር ግን ይሞላል፤ ለአንድ ሊትር 17 ግራም ስኳር አልኮሉን በ1 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ፈረንሳዮችም በቀዝቃዛ ዓመት ያደርጉታል፤ አታፍሩ።

በረዶ ከመታው ደግሞ ቀን አትቁጠሩ። የተሰነጠቀውን በዚያው ቀን አንሱ፣ የዳነውን ተዉ።

የምትለቅሙት በማለዳ ነው፣ ጤዛው እንደደረቀ ፀሐይ ሳይከር። ለቀማው ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ይህ ጥቅም አለው፤ ጾመኛ ለቃሚ ግማሹን አይበላባችሁም።

8. ዓመቱ በሰጠው ልክ መጥመቅ

ስለ ጠመቃ ብዙ አልልም፤ ጠላና ጠጅ የሚያውቅ ቤት መሠረቱን ያውቀዋል። ልዩነቱን ልንገራችሁ። ጌሾ አይገባም፣ ውሃ አይገባም። በወይራ የታጠነ ጋን ለጠላ ይሁን። ጭሱ የዓመቱን ሥራ ይሸፍነዋል። ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ በርሜል ወይም አይዝጌ ብረት ተጠቀሙ።

ፍሬውን ከእንጨቱ ለዩ፣ ጨፍልቁ። ለ10 ኪሎ 1 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ወይን ጠጅ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ዱቄት) ጨምሩ። በማግስቱ የወይን እርሾ ጨምሩ። ልጣጩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በቀን ሁለት ሦስቴ ወደ ታች ድፈቁት። ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። የመጋቢት ሌሊት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ በርሜሉን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። መስኮቱን ግን ክፍት አድርጉ፤ የሚወጣው ጋዝ በዝግ ክፍል ሰው ይገድላል።

አሁን ዓመቱን አስቡ። ፍሬው በደንብ የበሰለ፣ ዘሩ ቡናማ ከሆነ ከልጣጩ ጋር አሥር ቀንና ከዚያ በላይ አቆዩት። ዝናብ ሸሽታችሁ የለቀማችሁት ከሆነ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ጭመቁ። ከሥር የዘቀጠውን አረንጓዴ ዘር በወንፊት አውጡ። መራራ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀለል ያለ፣ ፍሬ ፍሬ የሚል ወይን ይወጣል፤ በዚያው ዓመት ይጠጣል። ከደካማ ዓመት ጠንካራ ወይን ለማውጣት መታገል ነው ብዙውን ወይን የሚያበላሸው።

ከተጨመቀ በኋላ ሁለተኛ መብላላት አለ። ባክቴሪያ ሹል የሆነውን የፖም አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ይቀይራል። የእኛ ወይን አሲዱ ብዙ ስለሆነ ይህ ሥራ ግድ ነው። ባክቴሪያው ከ18 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ደግነቱ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት የአዲስ አበባ ሞቃት ወራት ናቸው። ሰኔ ሳይገባ አስጨርሱት፤ ክረምት ከያዘው ቆሞ ይቀራል። እስኪያልቅ ድረስ ሜታባይሰልፋይት አትጨምሩ፤ ባክቴሪያውን ይገድላል።

9. የሚያዝያው ግረዛ

ከለቀማ በኋላ ተክሉን ረስተው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። የሚቀጥለው ዓመት ዘለላ ግን አሁን ነው የሚፀነሰው። ሕንድ ማሃራሽትራ ውስጥ እንደኛ የክረምት ዝናብ አለ። እዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይገረዛል፣ አንድ ጊዜ ይለቀማል። በሚያዝያ ለእንጨት (አዲስ ሐረግ እንዲያድግ)፣ በመስከረምና በጥቅምት ለፍሬ። እኛም ከእነሱ ብዙ አንለይም።

ለቀማ ካለቀ በኋላ ለሦስት ለአራት ሳምንት ውሃ ቀንሱ፣ ይረፍ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ወደ ሁለት ዓይን አሳጥሩ። የደረቀ ፍግ ከሥሩ አኑሩ። አዲሱ ቀንበጥ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ያድጋል። ዓይኑ ውስጥ ዘለላ የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ይፈልጋል። ለዚህ ነው የሚያዝያው ግረዛ መዘግየት የሌለበት። ወደ ግንቦት መጨረሻ ከገፋ ዓይኑ ሐምሌ ደመና ውስጥ ይገባል፤ መስከረም ላይ ቅጠል ብቻ ታያላችሁ።

ሐምሌ ላይ ማዳበሪያ አትስጡ። ጫፎቹን ቀንጥሱ። መዳቡን በየሁለት ሳምንቱ እርጩ።

ዓይኖቹ ዘለላ መያዛቸውን ከግረዛው በፊት ለማወቅ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሁለት ሦስት ሐረግ ቁረጡ። እያንዳንዱን ዓይን ከነትንሽ እንጨቱ ለዩና ከሥር በኩል ስንተኛ እንደሆነ ጻፉበት። ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ አቁማችሁ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። በአራት ሳምንት ገደማ ይፈነዳሉ። ትንሿ ዘለላ ከቅጠሉ ጋር ትታያለች። ከሥር ጀምሮ ያሉት ዓይኖች ዘለላ ካወጡ ሐረጉን አሳጥራችሁ መግረዝ ትችላላችሁ። ዘለላው ከአምስተኛው ዓይን ወዲያ ብቻ ከታየ ክረምቱ ጨልሞባቸዋል ማለት ነው፤ ሐረጉን እስከ 12 ዓይን አስረዝሙት።